ዘይቱ ደርሶኛል፤ እናንተስ መቼ ትመለሳላችሁ?

ይህ ባሕር ዳር ላይ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተናገርኩት ነው። እዚያ ያልነበራችሁ «ጻፍልን» ስላላችሁኝ እንደተናገርኩት ለማስቀመጥ ሞክሬያለሁ። አንዳንዱ አጥሯል፤ አንዳንዱ ደግሞ ስጽፈው ረዝሟል።

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን። እንደምን ዋላችሁ?

ክረምቱ ደርሷል። ከየዩኒቨርሲቲው የተመለሳችሁ አላችሁ፤ ፈተና ጨርሳችሁ ቤት የተቀመጣችሁም አላችሁ። በቅርቡ ለክረምቱ የበጎ ፈቃድ ዘመቻ ቲሸርት ይታተማል። ባነር ይሰቀላል። የአቅመ ደካሞችን ቤት እናድሳለን፣ ችግኝ እንተክላለን፣ ደም እንለግሳለን። እኔም ያደግኩት በዚሁ ነው፤ ደስ ይለኛል። ዛሬ የማወራችሁ ግን ቲሸርቱ ታጥቦ ቁም ሣጥን ከገባ በኋላ ስላለው ሳምንት ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለፋሲካ ብር አዋጥተን ዘይት፣ ዱቄት፣ ሽንኩርትና እንቁላል ገዛን። ሽምብጥ አካባቢ ካሉ ቤቶች አንዱ የአንዲት አሮጊት እናት ቤት ነበር። ስንገባ ከመደቡ ላይ አልተነሡም። እግራቸውን በጋቢ ሸፍነው ነው የተቀበሉን። ዘይቱን አስቀመጥን፣ ዘመርን፣ ፎቶ ተነሣን። እሳቸውም መረቁን፤ «እደጉ፣ ወግ ማዕረግ ያድርሳችሁ» እያሉ ረጅም ምርቃት። ልንወጣ ስንል «ልጆቼ» አሉ፣ «ዘይቱ ደርሶኛል። እናንተስ መቼ ትመለሳላችሁ?»

ከመካከላችን አንዱ «ለገና እንመጣለን እማማ» አለ። ከፋሲካ እስከ ገና ስምንት ወር ነው። «ይሁን» አሉና መሬት መሬት አዩ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ይሁን» ያሉበት ድምፅ ጆሮዬ ላይ ቀረ። ሳምንቱ ሳያልቅ የጤና ባለሙያ የሆነች እህታችንን ይዤ ተመለስኩ። ጋቢውን ሲገልጡት ነው የገባኝ። ሁለቱም እግራቸው እስከ ጉልበት አብጧል፤ ቆዳው እንደ ድንጋይ ጠንክሯል፤ በጣቶቹ መካከል ቆስሏል፤ ይሸታልም። ዝሆኔ ነው። ለዓመታት ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በሌሊት፣ ሰው ሳይበዛ ነበር፤ ቅዳሴው ሳያልቅ ተመልሰው ይገባሉ። ጎረቤቶቻቸው የሚያውቋቸው በድምፃቸው ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ዝሆኔ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የኛ አገር በሽታ ነው፤ ጎጃም ውስጥ በተለይ ብዙ ነው። በአገራችን ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው እንዳለበት ይገመታል። ዝሆኔ ሁሉ አንድ አይደለም፤ በትንኝ ንክሻ የሚመጣም አለ። የደጋውና የወይና ደጋው ዝሆኔ ግን ከአፈር ነው። በድሮ እሳተ ገሞራ የተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የአፈር ቅንጣቶች በእግሩ ቆዳ ይገባሉ። ከዚያ በእግር ውስጥ ፈሳሽ የሚመልሱትን ቧንቧዎች ይጎዳሉ። ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግር ያብጣል። ሁሉንም ሰው እኩል አይዝም፤ በተፈጥሮው ለዚህ የተጋለጠ ቤተሰብ አለ። ለዚህም ነው ሰው «በዘር ነው»፣ «እርግማን ነው» የሚለው። እርግማን አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። አብሮ መብላት፣ አብሮ መቀመጥ፣ እጅ መጨበጥ፣ እግሩን መንካት ምንም አያመጣም። ይህን ብቻ ይዛችሁ ብትወጡና ለእናቶቻችሁ ብትነግሩልኝ ይበቃኛል።

መድኃኒቱስ? ይኼን ስሰማ ነው የደነገጥኩት። ዋናው ሕክምና እግር ማጠብ ነው። በንጹሕ ውኃና በሳሙና በየቀኑ ማጠብ፣ ባለሙያ በሚያሳየው ልክ ትንሽ በረኪና ጠብ ባለበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ማታ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። በጊዜ ከተጀመረ እብጠቱ በደንብ ይቀንሳል፤ ቢዘገይም ቁስሉና ሽታው ይጠፋል። ውድ መድኃኒት የለበትም። የሚያስፈልገው ሳፋ፣ ሳሙና፣ ውኃና ሰው ነው። እማማ ሳሙና መግዛት አያቅታቸውም ነበር። ጎንበስ ብለው የራሳቸውን እግር መድረስ ነው ያቃታቸው። ውኃም የሚቀዱት ከሩቅ ነበር።

አስቡት እንግዲህ። ከዚያ ፋሲካ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ እኔ ራሴ ቤተ ክርስቲያን ተሰልፌ እግሬን ታጥቤ ነበር። ካህኑ በወይራና በወይን ቅጠል ነካ ነካ ሲያደርጉኝ አልቅሻለሁ። ጌታ ጎንበስ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን እያሰብኩ ነው ያለቀስኩት። ሦስት ቀን ቆይቼ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እግራቸውን የሚያጥብላቸው ሰው የሚፈልጉ እናት ቤት ገብቼ ዘይት አስቀምጬ ወጣሁ። እግራቸው ጋቢ ውስጥ ስለነበር አላየሁትም። ላየው አልጠየቅኩማ!

አራት ሆንን። ሁለት ወንድ፣ ሁለት ሴት። መጀመሪያ ባለሙያዋ አሳየችን፤ በየሁለት ሳምንቱም እየመጣች አየችልን። በየቀኑ አንዳችን እንሄዳለን። አንዱ ፈተና ሲኖርበት ሌላው ይሸፍናል። በመጀመሪያው ወር እማማ ያፍሩ ነበር፤ እግራቸውን ስንነካ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። በሁለተኛው ወር ቡና አፍልተው ጠበቁን። ከዚያ የቤቱ ልጆች ሆንን፤ ስንዘገይ ይቆጡናል። ችግሩ ጫማ ሆነ፤ ገበያ ላይ ያለ ጫማ አይገባቸውም። አንድ ጫማ ሠሪ እግራቸውን ለክቶ ሠራላቸው፤ ገንዘብም አልቀበልም አለ። የዚያን ዓመት ኪዳነ ምሕረት ዕለት እማማ በጠዋት፣ በብርሃን፣ በሰው መሐል ሆነው አስቀደሱ። ከሴቶቹ ጋር ቆመው ሳያቸው ምን እንደተሰማኝ ዛሬም ልነግራችሁ አልችልም።

እና ታዲያ ይኼ አዲስ ነገር ነው? አይደለም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ክፈቱ። ኢየሩሳሌም ውስጥ ያለችው ቤተ ክርስቲያን ገና ለጋ ናት። ቅሬታ ተነሣ። በየዕለቱ በሚታደለው ምግብ አንዳንድ መበለቶች ተዘነጉ። በየዕለቱ የሚለውን ልብ በሉልኝ። ለበዓል የሚሰጥ ነገር አልነበረም፤ የየቀን ማዕድ ነው። ሐዋርያት ነገሩን ቀላል ነው ብለው አላለፉትም፤ ሕዝቡ ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ አደረጉ። ከሰባቱ የመጀመሪያው እስጢፋኖስ ነው።

እኛ የጣና ልጆች ነን። ዳጋ እስጢፋኖስን የማያውቅ የለም። እንግዳ ሲመጣ «የነገሥታት አጽም ያለበት ገዳም ነው፤ የአፄ ፋሲል አጽም እዚያ ነው» ብለን እናስረዳለን። ደሴቲቱ ስሙን የተሸከመችው ቅዱስ ግን ሥራውን የጀመረው ለመበለቶች ማዕድ በማደል ነው። ስብከቱም ሰማዕትነቱም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በየወሩ በ17 ስንዘክረው እኔ አሁን አሁን ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ዳቦ የያዘ ሰው ነው፤ ትናንት መጥቶ ዛሬም የመጣ ሰው።

አሁን ወደ ጥፋታችን ልግባ። ደስ አይልም፤ ግን እናንተ እንዳትደግሙት ስለምፈልግ ነው።

አንድ ክረምት የአንድ አባት ቤት አደስን። የጭቃ ቤት ነው። ማገሩ በስብሷል፣ ግድግዳው ተቦርቡሯል፣ ክዳኑ ያፈሳል። ወደ ሠላሳ ወጣት ሆነን ወጣን። በሁለት ቀን ጨረስን። ማገሩን አሠርን፣ ቆርቆሮ መታን፣ ጭቃ አቦካን፣ መረግን። እየዘመርን ነው የሠራነው። ወሩ ሐምሌ ነበር።

ጭቃ የሚያውቅ ሰው እዚህ ካለ ቀድሞ ገብቶታል። ምርጊት የራሱ ጊዜ አለው። ጭዱ ከጭቃው ጋር ተረግጦ ለቀናት ይቆያል፤ እስኪበሰብስና እስኪያያዝ ድረስ። ከዚያ ይመረጋል። ከዚያ ፀሐይ ይፈልጋል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ደግሞ በሁለተኛ ምርጊት ይደፈናል። እኛ ጠዋት ያቦካነውን ከሰዓት መረግን፤ በማግሥቱ ዝናብ መጣ። ዓርብ ጨርሰን ሄድን። እኝያ አባት ምንም አላሉም፤ ማንን ይጠሩ? በነሐሴ አንድ እህታችን በዚያ በኩል ስታልፍ የጀርባው ግድግዳ ወርዶ አየችው። ሽማግሌው ማዳበሪያ ጆንያ ወጥረው ተኝተዋል። ከማደሳችን በፊት የነበረው አሮጌ ግድግዳ ቢያንስ ነፋስ ይከለክል ነበር።

ሐምሌ ላይ የሠራነው የዘመቻው ጊዜ ሐምሌ ስለሆነ ነው። ጭቃው ግን መስከረም ላይ ነበር የሚፈልገን። ከመስቀል በኋላ ተመለስን። አሥር ሰው ቀርቷል፤ ተማሪዎቹ ሄደዋል። በዚህ ጊዜ ግን አንድ ጭቃ ሠሪ አባት ፊት ፊታችን ሆነው እያዘዙን ሠራን። ጭዱን ስንት ቀን እንደምናቆየው እሳቸው ወሰኑ። ሁለት ጊዜ መረግን። ያ ቤት እስከ አሁን ቆሟል። ስለዚህ በዚህ ክረምት ቆርቆሮ ምቱ፣ ማገር ቀይሩ፣ ቦይ ቅደዱ፤ ምርጊቱን ለጥቅምት አቆዩት። ጥቅምት ላይ ማን ባሕር ዳር እንደሚኖር አሁኑኑ ስማችሁን ጻፉ።

ስለ ጣና ሳላነሣ ከሄድኩ እናንተው ትታዘቡኛላችሁ። እምቦጭ ሐይቁ ላይ መታየቱ ከታወቀ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ዘመቻ ወጥተናል? ተማሪው፣ ገበሬው፣ ካህኑ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የመጣው ሁሉ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ነቅሏል። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ደግሞ የአንድ ወር ትልቅ ዘመቻ ተደረገ። ያንን ሁሉ ላብ ማንም እንዲንቀው አልፈልግም። ተክሉ ግን ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፤ ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩም ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ዛሬ የነቀልነው ቦታ ከርሞም፣ ሌላ ዓመትም ያበቅላል። ነቅለን ዳር ላይ ብንተወው ደግሞ ዝናብና ማዕበል መልሰው ይወስዱታል፤ ከውኃው ርቆ መድረቅ አለበት። በብዛት ያለው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው፤ በደምቢያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል። እዚያ ያለው ገበሬ በየዓመቱ ይነቅላል። እኛ አንድ ቅዳሜ ሄደን ፎቶ ተነሥተን ስንመለስ እሱ ሰኞም እዚያው ነው። ከአንድ ቀበሌ ጋር ተስማምተን፣ አንድ ቁራሽ ዳርቻ ይዘን፣ ለአምስት ዓመት የኛ ነው ብንል ከመቶ አውቶቡስ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ሐይቁን ካነሣሁ ነገደ ወይጦ ወገኖቻችንን አልዘልም። ደንገል ቆርጠው ታንኳ የሚሠሩልን፣ የጣናን ጠባይ ከማናችንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። ለረጅም ዘመን እዚሁ አጠገባችን ሆነው ተገልለው ኖረዋል። ማዕዳቸውን አንነካም የሚል ክርስቲያን እኔ ራሴ በልጅነቴ አይቻለሁ፤ ይህ ኃጢአት ነው፤ በግልጽ እንነጋገር። አንድ ጊዜ ልብስ ሰብስበን ወደ ሰፈራቸው ሄድን። አንድ አባት በትሕትና ተቀብለውን «ልጆች፣ ልብሱ ደግ ነው፤ ግን ደንገሉ እየራቀብን ነው፣ ልጆቻችንም ማንበብ የሚያስጠናቸው የለም» አሉን። የሚያስፈልጋቸውን እኛው ገምተን ነበር የሄድነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ያስጠናሉ። ስለ ሃይማኖት የሚጠይቅ የለም። ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘው ከየት ነህ አላለውም፤ ቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፈሰሰ፣ አሰረለት፣ ወደ እንግዶች ማረፊያ ወሰደው። ሲመለስም የቀረውን እንደሚከፍል ቃል ገባ። እሱም እንኳን ሊመለስ ነበር ያሰበው።

ማስጠናትን ካነሣን፣ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ያ ቁጥር አገሩን ሁሉ አስደንግጧል። የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ጥሩ ነው፤ ግን ሂሳብ የከበደው ልጅ በሐምሌ ብቻ አይከብደውም። ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ፣ ባሕር ዳር ላይ ያላችሁ፣ አንድ አንድ ልጅ ያዙ። አሥር አትያዙ። አንድ ልጅ፣ ዓመቱን ሙሉ።

ደምንም በአጭሩ። ጤነኛ ከሆናችሁ፣ 18 ዓመት ከሞላችሁና ኪሏችሁ ከ45 በላይ ከሆነ በየሦስት ወሩ መለገስ ትችላላችሁ። የተለገሰ ደም ወራት አይቀመጥም፤ እንደ አያያዙ ከ35 እስከ 42 ቀን ነው። በወሊድ ደም የሚፈሳት እናት የኛን የዘመቻ ቀን ጠብቃ አትወልድም። ሁላችንም በአንድ ቀን ሰጥተን ሁላችንም በአንድ ላይ ከምንጠፋ፣ በሦስት ተከፍለን በየወሩ አንዱ ቡድን ቢሄድ ይሻላል።

አሁን ደግሞ ፎቶ። አውቃለሁ፣ እዚህ የሚከፋው ይኖራል። ገንዘብ ያዋጣ ሰው ማየት ይፈልጋል፤ ልክ ነው። የተገዛውን ዕቃ አሳዩ፣ ደረሰኙን አሳዩ፣ የቆመውን ግድግዳ አሳዩ። የሰው ፊት ግን ተዉ። ዘይት ተቀብላ እንባዋ የወረደ እናት ልጆች ይኖሯታል፤ ሌላ ከተማ፣ ምናልባትም ዓረብ አገር፤ ስልካቸው ላይ ያዩዋታል። እማማን ያን ዕለት ያነሣናቸውን ፎቶ በኋላ ለመንኩና አስጠፋሁት። ጌታ ግራ እጅህ ቀኝ እጅህ የምትሠራውን አይወቅ ያለው ለሰጪው ነፍስ ብቻ አይመስለኝም፤ የተቀባዩንም ፊት ለመሸፈን ጭምር ነው።

ብዙዎቻችሁ «ሰው ይደክማል፣ ሥራም ትምህርትም አለብን» ትላላችሁ። እውነት ነው። እኔም ደክሞኝ ያውቃል። አንድ ወቅት ለሁለት ወር እማማ ጋ አልሄድኩም፤ ሌሎቹ ሦስቱ ያዙልኝ። ስመለስ «ታመህ ነበር?» ብለው ነው የጠየቁኝ፤ ቅር አላላቸውም። ለዚህ ነው ብቻችሁን አትጀምሩ የምለው። አራት ሁኑ። አዲስ ኮሚቴም አታቋቁሙ፤ ማኅተም ፍለጋ ስድስት ወር ይሄዳል። ከሰንበቴው ሙሴ፣ ማለትም ከሰብሳቢው ጋር ተነጋገሩ። ከእድሩ ዳኛ ጋር ተነጋገሩ። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ተነጋገሩ። ማን ቤት ማን እንደተኛ፣ ማን እንጀራ እንዳጣ፣ ማን እግሩን እንደሚሸፍን እነሱ ያውቃሉ። ደቦና ወንፈል ያስተማሩን አባቶቻችን አርማና ባነር አልነበራቸውም፤ ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የኔን ይላሉ፤ ነገም ይመጣሉ።

እማማ ዓምና አርፈዋል። ነፍሳቸውን ይማር። ቀብራቸው ላይ እድሩ ድንኳን ሲጥል እኛን ከቤተሰብ ጋር አስቀመጠን። ሳፋቸው እኔ ጋ ነው። አሁን ከመንደሩ ጀርባ ሌላ እናት አሉ፤ ባለሙያዋ ባለፈው ሳምንት አይታቸዋለች። የመጡት ከገጠር ነው፤ እግራቸው ገና ብዙ አላበጠም፤ ከተጀመረላቸው ይመለሳል ብላኛለች። ሦስት ሰው አለን። አንድ ሰው ይጎድለናል፤ ሴት ብትሆን ይመርጣሉ። ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በቤተ ክርስቲያኑ በር እንገናኝና አብረን እንሄዳለን። ሳሙና እኔ እይዛለሁ።